ምች የመታው ከንፈር

እስቲ በስሙ እንጀምር። እንግሊዞች «የብርድ ቁስል» ይሉታል። ፈረንሳዮች «የትኩሳት ብጉር» ብለው ይጠሩታል፤ ጀርመኖችም ከትኩሳት ጋር ነው የሚያያይዙት። እኛ «ምች» እንለዋለን። ከንፈር ዳር ላይ መጀመሪያ የምትቆጠቁጠው፣ ከዚያ ውሃ ቋጥራ የምትወጣው፣ ፈንድታ ቅርፊት የምትሠራውና በሳምንት በአሥር ቀን ደርቃ የምትጠፋው ያቺ ሽፍታ መሆኗ ነው። እንግሊዝ ብርድን ከሰሰ፣ ፈረንሳይ ትኩሳትን ከሰሰ፣ የኛ እናቶች ፀሐይንና የወጥ ሽታን ከሰሱ። የሚገርመው ሁሉም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዋናውን ተከሳሽ ግን ማንም አላየውም ነበር፤ እሱን ለመያዝ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ፈጀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አብዛኛው ታሪክ የተፈጸመው እነሱ ዘንድ ስለሆነ።)

በአማርኛ ምች ሰፊ ቃል ነው። ራስ ምታቱ፣ ትኩሳቱ፣ ላቡ፣ ቁርጥማቱ ሁሉ ምች ነው፤ የከንፈሩ ቁስል ደግሞ ምች ለመምታቱ እንደ ማኅተም የሚቆጠር ምልክት። «በልተህ እጅህን ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል» ሲባል ያላደገ ማን አለ? ግሱን ልብ በሉት፦ ይመታሃል። ምች ከውጭ መጥቶ የሚመታ ነገር ነው፤ በሽተኛው ጥፋት የለበትም፤ ቢበዛ እጁን አልታጠበም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

የጥንት ግሪኮችም እንደኛው ትኩሳቱንና ቁስሉን አንድ ላይ አይተውታል። «ሄርፒስ» የሚለው ቃል «መሳብ፣ በደረት መሄድ» ከሚል የግሪክ ግስ የመጣ ነው። በሂፖክራተስ ስም በተሰበሰቡት ጽሑፎች ውስጥ ቆዳ ላይ እየተሳበ የሚሰፋ ቁስል ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ስለነበር፣ የያኔውን ቃል ካሁኑ በሽታ ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ አይቻልም። ከ100 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ግን ነገሩ ይጠራል። በሮም ይሠራ የነበረ ሄሮዶቱስ የሚባል ሀኪም (የታሪክ ጸሐፊው አይደለም፣ ስም መጋራት ነው) ትኩሳት ሊለቅ ሲል አፍ ዙሪያ ስለሚወጣ ሽፍታ ጽፏል። አንድ የጎንደር ወይም የጎጃም አሮጊት ብታነበው «እንዴ፣ ይሄማ ምች ነው» ማለቷ አይቀርም።

ስለ ሮም ካነሳን በየድረ ገጹ የሚዞረውን ተረት ሳናነሳ አናልፍም። ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ በከንፈር ቁስል ወረርሽኝ ምክንያት መሳሳምን በአዋጅ ከለከለ ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ወሬዎች ተሰፍተው የተሠራ ነው። ስዌቶኒየስ ጢባርዮስ የዕለት ተዕለቱን የሰላምታ መሳሳም በአዋጅ መከልከሉን ይጽፋል፤ ምክንያቱ ቁስል ነው ግን አይልም። ፕሊኒ ደግሞ በዚያው ንጉሥ ዘመን በሮም መኳንንት መካከል በመሳሳም ይዛመት ስለነበር የፊት በሽታ ይተርካል፤ ይህኛው ግን ከአገጭ ጀምሮ ፊትን የሚያዳርስ ሌላ ዓይነት ክፉ ነገር ነው። ሁለቱን አጋብቶ «ጢባርዮስና ሄርፒስ» ያለው የኋላ ዘመን ሰው ነው። የሆነ ሆኖ ከዚህ አንድ ነገር እንወስዳለን፦ ከንፈር ለከንፈር በሽታ እንደሚያጋባ የሮም ሰዎች ጠርጥረው ነበር። ሼክስፒርም በሮሜዎና ዡልዬት ውስጥ መሳሳም የሚያልሙ ሴቶች ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል እንዲወጣ አድርጓል። ገጣሚዎች አንዳንዴ ከሀኪሞች ይቀድማሉ።

ከዚያ ዝምታ ነው። በ1736 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሀኪም ዣን አስትሩክ ከወገብ በታች የሚወጣውን የዚህ ቁስል ወንድም በመጽሐፉ ገለጸ። ከዚያም በኋላ ለመቶ ዓመት ከበለጠ ጊዜ ሀኪሞች መልኩን ገለጹ፣ ሥዕሉን ሣሉ፣ ስም አወጡ፣ መንስኤውን ግን አላወቁም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ኤሚል ቪዳል የተባለ ፈረንሳዊ የቁስሉን ፈሳሽ ወስዶ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አሳየ። በ1920 ደግሞ ዊልሄልም ግሩተር የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሀኪም ቁሱን ጥንቸል ዓይን ላይ አድርጎ ያንኑ በሽታ ማብቀል እንደቻለ አሳተመ። ነገሩ ተላላፊ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ባክቴሪያም ያነሰ ነው፤ ቫይረስ ነው። እንግዲህ ብርዱም ፀሐዩም ትኩሳቱም ነጻ ወጡ ማለት ነው?

አልወጡም። እንዲያውም እንቆቅልሹ የባሰው እዚህ ላይ ነው። ተላላፊ በሽታ ከሆነ ብቻውን ቤቱ የተቀመጠ፣ ማንንም ያልሳመ ሰው ጉንፋን ስለያዘው ብቻ ለምን ይወጣበታል? ያው ሰው፣ ያው ቦታ ላይ፣ በየዓመቱ? በ1930 አንድሩዝና ካርማይክል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያገኙት ውጤት ደግሞ ጭራሽ ግራ የሚያጋባ ነበር። ስለ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች የሚታወቀው ደሙ ውስጥ መከላከያ (አንቲቦዲ) ያለው ሰው እንደማይታመም ነው። እዚህ ግን ቁስሉ የሚመላለስባቸው መከላከያው ያላቸው ሰዎች ነበሩ! ዘብ የቆመበት ቤት እየተዘረፈ፣ ዘብ የሌለው ሰላም አድሮ ይገኛል።

መልሱ የመጣው ከሕፃናት አፍ ነው። በ1938 አሜሪካ ውስጥ አፋቸው ቆስሎ፣ ድዳቸው አብጦ፣ መብላት አቅቷቸው ከሚያለቅሱ ትንንሽ ልጆች ያንኑ ቫይረስ አገኙት። በማግሥቱ ዓመት አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ከባልደረባው ጋር ነገሩን ገጣጠመው። ሰው ይህን ቫይረስ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በልጅነቱ፣ ከሚስሙት ዘመዶቹ ነው። አንዳንዱ ያን ጊዜ ይታመማል፤ አብዛኛው ግን ምንም ሳይታወቀው ያልፋል። ቫይረሱ ግን አይወጣም። ዕድሜ ልክ ይቀመጥና ትኩሳት፣ ፀሐይ፣ ድካም ወይም ጭንቀት ሲመጣ ብቅ ይላል። ስለዚህ የኋለኛው ቁስል አዲስ በሽታ አይደለም፣ የድሮው ነው የሚመለሰው። ሌባው ከውጭ አልመጣም፤ ከቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ግን የት ነው የሚኖረው? ቆዳው ሲድን ቆዳው ላይ የለም። ደም ውስጥም አይገኝም። ፍንጩን የሰጠው ሌላ በሽታ ነው፤ እኛ በአማርኛ «አልማዝ ባለጭራ» የምንለው። (ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ሐውልት ይቁምለት እል ነበር።) አልማዝ ባለጭራ የምችን ቫይረስ የአጎት ልጅ የሚያመጣው በሽታ ነው። ጭራ ያለው የሚመስለው ቁስሉ በአንድ የነርቭ መስመር ተከትሎ እንደ መቀነት ስለሚዘረጋ ነው። በ1900 ሄድና ካምፕቤል የተባሉ እንግሊዛውያን በዚህ በሽታ ተይዘው የሞቱ ሰዎችን መርምረው፣ ጉዳቱ ያለው ከአከርካሪ አጠገብ ባለው የነርቭ ቋጠሮ ላይ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ በኋላ «የከንፈሩስ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ሆነ። አሜሪካዊው ኧርነስት ጉድፓስቸር በ1929 ቫይረሱ ከከንፈር በነርቭ ሽቦ ተጉዞ ከጆሮ ፊት ለፊት ወደ ውስጥ፣ የራስ ቅል ሥር ባለው የፊት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ይደበቃል ሲል ገመተ። በ1952 ካርተንና ኪልቦርን የተባሉ ሀኪሞች ለከባድ የፊት ሕመም ብለው የዚህን ነርቭ ሥር የቆረጡላቸው ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከንፈራቸው ላይ ምች ሲወጣባቸው ተመለከቱ። ጎሬውን ነክተው አውሬውን ቀስቅሰውታል ማለት ነው። ማስረጃው የተሟላው ግን ገና በ1971 ነው፤ ስቲቨንስና ኩክ በካሊፎርኒያ ከአይጦች የነርቭ ቋጠሮ ተኝቶ የነበረውን ቫይረስ አወጡት። በ1973 ደግሞ ከሞቱ ሰዎች የፊት ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተገኘ።

አሁን ወደ እናቶቻችን እንመለስ። ፀሐይ ምች ያመጣል ይላሉ። በ1991 አሜሪካ ውስጥ ምች የሚመላለስባቸው 38 ሰዎች ተሰብስበው ከንፈራቸው በፀሐይ ዓይነት ጨረር (አልትራቫዮሌት) ተመታ። መከላከያ ያልሆነ ባዶ ቅባት በተቀቡበት ጊዜ በ27ቱ ላይ ቁስሉ ወጣ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት በተቀቡበት ጊዜ ግን ከ35 ሰዎች በአንዱም ላይ አልወጣም። የወጥ ሽታው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ የፀሐዩ ግን አለው። እናቶቻችን ቀስቃሹን አውቀውታል፣ ያላወቁት ተቀስቃሹን ነው። በዚህም ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ሀኪሞች አላነሱም።

የሕክምናው ታሪክ መጀመሪያው ላይ የሚያስቅ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚያሳፍር ነው። ለምች ተብሎ የፈንጣጣ ክትባት ደጋግመው የወጉ ሀኪሞች ነበሩ፤ ምንም አልጠቀመም፣ አንዳንዱንም ጎዳ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ቁስሉን በቀለም ነክሮ ብርሃን ማብራት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ ሲመረመር አይሠራም፣ እንዲያውም በቤተ ሙከራ የካንሰር ሥጋት ታየበትና ተተወ። የሀኪሞቹ ችግር የሰነፍ ችግር አልነበረም። ባክቴሪያ የራሱ ጓዳ አለው፤ ጓዳውን ብታፈርስበት ይሞታል። ቫይረስ ግን በእኛው ሴል ጓዳ ገብቶ በእኛው ዕቃ ነው የሚያበስለው። እሱን ለመግደል የሚበቃ መርዝ ባለቤቱንም ይገድላል። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ለቫይረስ መድኃኒት መፈለግን እንደ ከንቱ ድካም ይቆጥሩት ነበር።

ይህን ሐሳብ ከሰበሩት ሰዎች አንዷ ዶክትሬት አልነበራትም። ገርትሩድ ኤሊየን በ1918 ኒውዮርክ ተወለደች። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች የምትወዳቸው አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሲሠቃዩ አይታ ኬሚስት ለመሆን ወሰነች። ኮሌጅን በከፍተኛ ማዕረግ ጨርሳ የድህረ ምረቃ ድጋፍ ስትጠይቅ ሴት በመሆኗ በሩ ተዘጋባት። ከሠራቻቸው ሥራዎች አንዱ በአንድ የምግብ ድርጅት ውስጥ የኮምጣጤ ዱባ ኮምጣጣነትና ለማዮኔዝ የሚገባውን የእንቁላል አስኳል ቀለም መፈተሽ ነበር። እጮኛዋም በልብ ኢንፌክሽን ሞተባት፤ ፔኒሲሊን በጊዜው ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚድን ነበር፤ ሌላ አላገባችም። ጦርነቱ ወንዶቹን ሲወስድ ላቦራቶሪዎች በራቸውን ለሴቶች ገርበብ አደረጉና በ1944 በረስ ዌልከም በተባለ የመድኃኒት ድርጅት ተቀጠረች። በማታ ትምህርት ዶክትሬት ጀምራ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ሥራሽን ትተሽ ሙሉ ጊዜሽን ካልሰጠሽ አይሆንም ሲላት ትምህርቱን ተወችው።

በ1970ዎቹ በእሷ ክፍልና በባልደረባዋ በሃዋርድ ሼፈር ቡድን እጅ አሲክሎቪር የሚባል ንጥረ ነገር ተገኘ። አሠራሩን ስሙት፣ ተንኮል ማለት ይሄ ነው። መድኃኒቱ ጤነኛ ሴል ውስጥ ሲገባ ተኝቶ ያልፋል። የምች ቫይረስ ያለበት ሴል ውስጥ ግን ቫይረሱ ራሱ ይዞት የመጣ ኢንዛይም አለ፤ መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው ይኸው የቫይረሱ ኢንዛይም ነው። የተቀሰቀሰው መድኃኒት ቫይረሱ የዘር ሰንሰለቱን ሲሠራ እንደ አንድ ዶቃ ሆኖ ይገባና፣ ቀጣዩ ዶቃ የሚያያዝበት ጫፍ የለውምና ሰንሰለቱ እዚያው ያቆማል። ሌባው በገዛ ቁልፉ ተቆለፈበት። አሲክሎቪር በ1982 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኤሊየን በ1988 ከጆርጅ ሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ያ የተከለከለችው ዶክትሬት በክብር በኋላ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች መጣላት።

ልብ በሉ፣ አሲክሎቪርም ቢሆን ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ የተኛውን ቫይረስ አይነካም። የሚሠራው ቫይረሱ ሲባዛ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅም ያለው ከንፈር መቆጥቆጥ እንደጀመረ ሲወሰድ ነው፤ ቅርፊት ከሠራ በኋላ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው ማለት ይቻላል። ቅባቱ ሕመሙን ቢያሳጥር በሰዓታት ወይም በአንድ ቀን ነው፤ ኪኒኑ (አሲክሎቪር ወይም ታናሽ ወንድሙ ቫላሳይክሎቪር) የተሻለ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ ለሚመላለስባቸው ሰዎች ሀኪም በየቀኑ የሚዋጥ ሊያዝ ይችላል።

1982 በሌላም ነገር የሚታወስ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ታይም መጽሔት ሄርፒስን የሽፋን ርዕስ አደረገው። ወሬው ስለ ወገብ በታቹ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ቃሉ ራሱ ቆሸሸ። ሳይንቲስቶች በ1960ዎቹ ሁለት ዓይነት ቫይረስ መኖሩን ለይተው ነበር፤ ዓይነት አንድ አብዛኛውን ጊዜ አፍ ላይ፣ ዓይነት ሁለት አብዛኛውን ጊዜ ታች። (ቦታ መቀያየር ግን ይችላሉ።) ለሕዝቡ ይህ ልዩነት አልደረሰውም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮኑ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ዓይነት አንድን ተሸክሟል። ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያሳፍር በሽታ እንዴት ሊኖር ይችላል?

እኛ ጋ ነገሩ የሁለት ስም ጉዳይ ሆኗል። አንድ ሰው ከንፈሩ ላይ ቁስል ወጥቶ «ምች መታኝ» ሲል ሁሉም «አይዞህ፣ ዳማከሴ አሽተህ ጠጣ» ይለዋል። ያው ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ካርዱ ላይ «ሄርፒስ» ተብሎ ሲጻፍበት ሌሊቱን እንቅልፍ አያገኝም። ይህ ፍርሃት ከየትም አልመጣም። ኤድስ አገሩን ባዳረሰበት ዘመን በወጣት ላይ የሚወጣ አልማዝ ባለጭራን ሀኪሞች እንደ አንድ የኤች አይ ቪ ምልክት ይቆጥሩት ነበር፤ የላቲኑ ስም ሄርፒስ ዞስተር ነው። «ሄርፒስ» የሚለው ቃል ከዚያ ሹክሹክታ ጋር ተለጥፎ ቀረ። እውነቱ ግን ምች የተባለውና ሄርፒስ የተባለው ያው አንድ የከንፈር ቁስል ነው። ከንፈር ላይ ምች መውጣቱ ብቻውን ስለ ሰውየው ጸባይ ምንም አይናገርም፤ ምናልባት በሕፃንነቱ አያቱ ስመውት ይሆናል።

ስለ ዳማከሴም ፍትሕ ይሰጥ። ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት፣ ጨምቆ በቡና መጠጣት፣ ጋቢ ተከናንቦ ማላብ፤ በብዙ አካባቢ ተክሉ «የምች መድኃኒት» ተብሎ እስከመጠራት ደርሷል። በ2003 የታተመ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት የቅጠሉ ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። ያ ስለ ትኩሳቱ ነው። የከንፈሩ ቁስል እንደሆነ ዳማከሴ ቢጠጣም ባይጠጣም በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል፤ መድኃኒቱ ምስጋናውን ከጊዜ ጋር መካፈል አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሄርፒስ ስም ማስፈራቱ ብቻ አይደለም፤ የምች ስም የዋህነትም ነው። የሚመታ እንጂ የሚተላለፍ ነገር ስላልመሰለን ምች ያለበት ሰው ሕፃን ይስማል፣ በአንድ ብርጭቆ ያጠጣል፣ በጥርሱ የገመሰውን ያጎርሳል። ለትልቅ ሰው ይሄ ብዙም ጉዳት የለውም። ከተወለደ አንድ ወር ላልሞላው ጨቅላ ግን ሌላ ነው። በጨቅላ ላይ ይህ ቫይረስ ወደ አንጎል ወይም ወደ ጉበት ከተሰራጨ ሕክምና ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ የተረፈውንም ሊያሰናክል ይችላል። አብዛኛው ጨቅላ የሚይዘው በምጥ ጊዜ ከእናቱ ነው፤ ጥቂቱን ግን የሚያሲዘው ሊጠይቅ የመጣ ወዳጅ ከንፈር ነው። ጨቅላ ካተኮሰው፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰውነቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከታየ ዳማከሴ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው። ችፌ ያለበት ልጅም፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም እንዲሁ ይጠንቀቅ። ዓይንም አለ፦ ምቹን የነካ እጅ ዓይን ከነካ ቫይረሱ የዓይንን መስታወት ሊያቆስል ይችላል፤ ዓይን ቀልቶ ብርሃን ካስጠላው ከፋርማሲ ያገኙትን የስቴሮይድ ጠብታ ማድረግ ነገሩን ያባብሰዋል።

ማጥፊያ ክትባት እስካሁን የለም። በ2020 የሲያትል ተመራማሪዎች ዘረመል በሚቆርጥ መቀስ አይጥ ነርቭ ውስጥ የተኛውን ቫይረስ ከ90 በመቶ በላይ ማጥፋት መቻላቸውን አሳውቀዋል፤ አይጥ ግን አይጥ ነው፣ ሰው ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀራል። እስከዚያው ያለው መከላከያ ርካሽ ነው፦ ባርኔጣ፣ የከንፈር ፀሐይ መከላከያ፣ እጅ መታጠብ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አለመሳም፣ ፎጣና ብርጭቆ መለየት።

በብዙ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ከፀሐይ እንደገባ ወደ ሕፃኑ አይጠጋም፤ «ትንሽ አረፍ በል፣ ምች ታስመታብናለህ» ይባልና በር ላይ ይቀመጣል። እንግዳው አይቀየምም፤ ወጉ ነው። በዚያች አረፍ ባለባት ደቂቃ አያትየው ከንፈሩን አየት ቢያደርጉት፣ ቅርፊት ካዩበትም ገንፎውን አብልተው ሕፃኑን ሳይስም ቢሸኙት ማንም አዲስ ነገር መጣ አይልም።